አዳራሹ በነጻ ነው ተባልን፤ ሒሳቡ ግን አልዋጥ አለኝ

አዲስ አስተባባሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በነጻ ሶፍትዌር ተርጓሚዎች ማኅበረሰብ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ እጄን ያወጣሁት ጥያቄ ልጠይቅ ነበር፤ ስብሰባው ሲያበቃ የዘንድሮው ጉባኤ አስተባባሪ ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ፊቴ ዘርግቼ ዓይኔ አዋጅ ሆኖብኛል።

ጉባኤው ሁለት ቀን ነው። አምና 160 ሰው መጣ፤ ዘንድሮ 200 እንጠብቃለን። ለማነጻጸር እንዲመች ገንዘቡን በአሃድ ልጻፈው። የመግቢያ ትኬት 100 አሃድ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

አንደኛው ምርጫ ሆቴል ነው። አዳራሹን በነጻ ይሰጡናል፤ በምትኩ ለሁለቱ ቀን መስተንግዶ በሰው 120 አሃድ እንከፍላለን፤ ሰው ቢጎድልም ቢያንስ የ150 ሰው ሒሳብ ለመክፈል እንገደዳለን። ድምፅ ማጉያው፣ ፕሮጀክተሩ፣ ጽዳቱ ሁሉ የእነርሱ ነው። ሁለተኛው 240 መቀመጫ ያለው የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው። ኪራዩ 6,000 ሲሆን ከግድግዳና ከወንበር ሌላ ምንም የለውም። የድምፅና የምስል መሣሪያ ኪራይ 5,000፣ ጥበቃና ጽዳት 1,000፣ የመድን ዋስትና 1,000፣ ምሳና ሻይ ከውጭ ስናስመጣ በሰው 40 ይሆናል። በሁለቱም በኩል ለተናጋሪዎች መጓጓዣና ለኅትመት 4,000 አለ። ከስፖንሰሮች 8,000 ይገባል።

አብዛኛው የኮሚቴ አባል ወደ ሆቴሉ አዘንብሏል። «አዳራሽ በነጻ እየተሰጠን ስለ ኪራይ ምን ያነጋግረናል?» ይላሉ። እኔም ጭንቀት ስለሚቀንስልኝ ልቤ ወደዚያው ነው። ሰንጠረዡ ላይ ስደምረው ግን የሆነ ነገር አልዋጥ ይለኛል። ቀብድ ለመክፈል 10 ቀን ቀርቶናል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦

እንኳን ደስ ያለህ ልበል ወይስ አይዞህ፣ የቱ እንደሚቀድም አላውቅም። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ንገረኝ። 120 የተባለው ግብርና የአገልግሎት ክፍያ የገባበት ነው ወይስ ከታች በደቃቅ ፊደል «ሳይጨምር» የሚል አለው? ስምንት ሺው ባንክ ገብቷል ወይስ ተስፋ ነው? ውሉን የሚፈርመውስ ማን ነው፣ ማኅበሩ ወይስ አንተ?

ነጻ ይሁን፦

ሁላችሁም ከትኬት ለምን እንደምትነሡ አይገባኝም። ፎስደም የሚባለውን የነጻ ሶፍትዌር ጉባኤ ተመልከቱ። በየዓመቱ በብራስልስ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይካሄዳል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ምዝገባ እንኳ የለውም፤ ሰው ዝም ብሎ ይገባል። በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚመራው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣበታል። እነርሱ ከቻሉ ለ200 ሰው ምን ያቅታል? ትኬት በሠራን ቁጥር የምናስቀረው ተማሪውንና ሥራ ፈላጊውን ነው።

የጉባኤ ወዳጅ፦

ፎስደም ይቻላል፤ ግን ከግማሹ አትነሣ። ዩኒቨርሲቲው ክፍሎቹን ባይፈቅድላቸው፣ የስፖንሰርና የልገሳ ገንዘብ ባይኖራቸው ነጻ መግቢያ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ነጻ የሆነው ለሚገባው ሰው ነው፤ ወጪውን የሚችል ሰው አለ። ተቃራኒውም አለ፦ የአሜሪካው ፓይኮን፣ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተጠቃሚዎች መሰብሰቢያ፣ ለብዙ ዓመታት ተናጋሪውም አዘጋጁም ሳይቀር ትኬት የሚገዛበት ጉባኤ ነበር፤ አቅም ለሌለው ደግሞ የድጋፍ ገንዘብ ለብቻው ይመደባል። ተማሪው እንዳይቀር ከፈለግህ ለተማሪው ትኬት ድጎማ አድርግ እንጂ ደመወዝተኛውን በነጻ አታስገባ።

በነጻ ትኬት ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ያልከፈለበት ሰው መቅረት አይከብደውም። እኔ ያስተባበርኩት አንድ ነጻ ዝግጅት ላይ 220 ሰው ተመዝግቦ 130 መጣ። የ220 ሰው ምሳ ግን ተከፍሎበት ነበር። የተረፈውን ሣህን ስቆጥር ያመሸሁት እኔው ነኝ።

አዲስ አስተባባሪ፦

እህታችን ገንዘብ ያዥ፣ ለጥያቄዎችዎ መልስ ይዤ መጣሁ፤ እርስዎ እንደጠረጠሩት ነው። ሆቴሉ ጋ ደውዬ ነበር። 120ው «ሳይጨምር» ነው፤ ግብሩና የአገልግሎት ክፍያው ሲገባበት በሰው 150 ይሆናል። ከስፖንሰሮቹ አንዱ 4,000 እሰጣለሁ ብሎ በደብዳቤ አረጋግጧል። ሁለተኛው በስልክ «ችግር የለም፣ ከእኛ ጋር ናችሁ» ብሎኛል። ባንክ የገባ ግን ምንም የለም። ውሉን የሚፈርመው... በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦

እንግዲያው ተቀመጥና አብረን እንደምር።

ከሆቴሉ ልጀምር። 150 ሰው ቢመጣ ለመስተንግዶ 22,500፣ ለመጓጓዣና ለኅትመት 4,000፣ በድምሩ 26,500 ይወጣል። ከትኬት 15,000 ይገባል፤ ስፖንሰሮቹ ሁሉ ቃላቸውን ቢጠብቁ 8,000 ይጨመራል፤ 23,000። ጉድለቱ 3,500። «ታዲያ ሰው ከበዛ ይካካሳል» ትል ይሆናል። 200 ሰው ቢመጣ ወጪው 34,000፣ ገቢው 28,000፤ ጉድለቱ 6,000 ደረሰ! ለምን? በሰው 150 እየከፈልክ በ100 ትኬት ስለምትሸጥ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር 50 ከኪስህ ይወጣል። አልዋጥ ያለህ ነገር ይኸው ነው፤ ጉባኤህ በተሳካ መጠን የሚከስር ጉባኤ ነው። 100 ሰው ብቻ ቢመጣ ደግሞ የ150ው ግዴታ ስላለ ወጪው 26,500 ላይ ቆሞ ገቢው 18,000 ይሆናል፤ ጉድለት 8,500። ከላይም ከታችም መውጫ የለውም። አዳራሹ በነጻ አይደለም፤ ኪራዩ በምሳው ሣህን ላይ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው። ሰው ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣው 17,000 ነው። እያንዳንዱ ሰው 100 ከፍሎ የ40 ምሳ ይበላል፤ 60 ለቋሚው ወጪ ይተርፋል። 8,000 ከስፖንሰር ከገባ የቀረውን 9,000 ለመሸፈን 150 ሰው ያስፈልግሃል። ከዚያ በላይ የመጣ ሁሉ ትርፍ ነው። ያ በደብዳቤ የተረጋገጠው 4,000 ብቻ ከገባ ግን 217 ሰው ያስፈልጋል። ምንም ካልገባ 284፤ አዳራሹ ደግሞ 240 ነው የሚይዘው። ማለትም ሞልቶም ትከስራለህ።

በስልክ «ከእኛ ጋር ናችሁ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ሦስት ዓምድ አለ፦ የተጠየቀ፣ በጽሑፍ የተረጋገጠ፣ ባንክ የገባ። ውል የምፈርመው በሦስተኛውና በትኬቱ ነው፤ ቢበዛ ሁለተኛውን እጨምራለሁ። የመጀመሪያውን አይቼው አላውቅም።

ትኬቱን 120 አድርገው። ከአንድ ሰው 80 ይተርፍሃል። በ4,000 ስፖንሰር ብቻ 163 ሰው ይበቃሃል። ኮሚቴው 20 መጨመሩ ሰው ያስቀራል ብሎ ይጮኻል፤ ይጩህ። ደግሞም ከቋሚው ወጪ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ። እስካሁን የሠራሁባቸው ጉባኤዎች ሁሉ መጠባበቂያቸውን በልተዋል፤ አንዳቸውም ምን እንደሚበላው አስቀድመው አያውቁም ነበር።

ሆቴሉን አልጠላም፦

የእህቴ ድምር ትክክል ነው፤ አንድ ዓምድ ግን ጎድሎታል። የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ሁልጊዜ ዜሮ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ባዶ አዳራሽ ማለት ወንበር የሚያነሳ፣ ገመድ የሚዘረጋ፣ ሻይ የሚያደርስ፣ ማታ ቆሻሻ የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። እኛ አንድ ዓመት በርካሽ አዳራሽ ደስ ብሎን 12 ሰው ይዘን ጀመርን። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ 4 ቀረን። ከእነዚያ አራት አንዷ በነጋታው ከማኅበሩ ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ለእርሷ የሚሆን ዓምድ ሰንጠረዡ ላይ የት አለ? ሆቴሉ የሚሸጥልህ እንቅልፍህን ጭምር ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦

ይህ የሚገባ ወቀሳ ነው፤ ተቀብያለሁ። ግን እንቅልፍ የሚገዛበት ሌላም መንገድ አለ። ለሁለት ቀን ስድስት የቀን ሠራተኛ ቅጠርና ወንበሩን እነርሱ ያንሱት፤ ሒሳቡን በቋሚ ወጪ ውስጥ ጻፈው። በሰው 150 ከመክፈል በብዙ ይረክሳል።

ባለሜትር፦

ገንዘቡን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ የምለው፣ አዳራሹን በፎቶ አትመኑ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። «240 መቀመጫ» የሚለው ወንበር ብቻ በረድፍ ሲደረደር ነው። እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ካስፈለገው የሚይዘው ሰው በግምት በግማሽ ይወርዳል። የተርጓሚዎች ጉባኤ አይደል? ሁለተኛው ቀን የሥራ ቀን ከሆነ 120 ሰው ብላችሁ አስቡት፤ የቀረው የት ይቀመጣል?

ከዚያ ምሰሶ። ምሰሶ ሥዕል ላይ አይታይም። በኋለኛው ረድፍ ግራ ጥግ ተቀመጡና ማያ ገጹን እዩ። ወለሉ ላይ ተንበርክካችሁ የኤሌክትሪክ ሶኬት ቁጠሩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ከግቢው በር እስከ መድረኩ ያለ ደረጃ ይደርሳል? መጸዳጃ ቤቱስ ጋ? «አሳንሰር አለ» ከተባላችሁ ቅዳሜና እሁድ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ኢንተርኔቱን በባዶ አዳራሽ ሞክራችሁ «ፈጣን ነው» አትበሉ። በባዶ አዳራሽ የማይፈጥን የለም። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ እርስ በርስ የማይረባበሹ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሁለት መቶ ሰው ስልክና ኮምፒውተር ይዞ ሲገባ 400 መሣሪያ ነው። በ5 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ ማሰራጫዎች ስንት እንዳሉ ጠይቁ፤ ለተናጋሪው ደግሞ በገመድ የሚመጣ መስመር ለብቻው ይኑረው።

አንድ የራሴን ላክልበት። አንድ ጊዜ የተከራየነው አዳራሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሊከፈት ነበር። ቁልፉን የያዘው ጥበቃ ሌሊት ተረኛ ስለነበር ወደ ቤቱ ሄዷል። የቀን ተረኛው ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ይዞ መጣ፤ አርባ ያህል ቁልፍ፣ ምልክት የሌለው። አንድ በአንድ እየሞከረ 180 ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ያየዋል። የመክፈቻ ንግግር ያደርጉ የነበሩት ሰው ደረጃው ላይ ቆመው ጀመሩ፤ በሩ የተከፈተው ንግግሩ ሊያበቃ ሲል ነው። አሁን ሲወራ ያስቃል።

ዝምተኛ አንባቢ፦

ምሰሶው!! የእኛ ሁለት ነበሩት።

ውል አንባቢ፦

የስሙ ጉዳይ አልፎ እንዳይሄድ። ወንድሜ አስተባባሪ፣ በራስህ ስም አትፈርም። ያ የ150 ሰው ግዴታ በአንተ ስም ከተፈረመ ጉባኤው ቢሰረዝ ዕዳው የአንተ ነው፤ ማኅበሩ ሲበተን አንተ አትበተንም። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው ገንዘቡን ተቀብሎ ውሉን የሚፈርምለት የተመዘገበ ድርጅት ፈልጉ፤ ብዙ የበጎ ፈቃድ ጉባኤዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት። በእርግጥ በራሱ የክሬዲት ካርድ የጀመረም አለ። ረስቲ ረስል የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1999 በሜልበርን ያዘጋጀውን የአውስትራሊያ ሊነክስ (ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት) ተጠቃሚዎች ጉባኤ ወጪ የሸፈነው በግል ካርዱ ነበር፤ ጉባኤው ተሳክቶ ለዓመታት ቀጠለ። የተሳካለትን ነው የምንሰማው። ካርዳቸውን አቃጥለው የቀሩት ታሪካቸውን አይጽፉም።

ውሉን ስታነብ ከኋላ ጀምር፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የስረዛው አንቀጽ ምን ይላል? ከሦስት ወር በፊት ብትሰርዝ ቀብዱ ብቻ ነው የሚቀረው ወይስ ግማሹ? የመጨረሻውን የሰው ቁጥር የምታሳውቀው ከስንት ቀን በፊት ነው? ያ ቀን የትኬት ሽያጭህ ከሚዘጋበት ቀን በኋላ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በግምት ትከፍላለህ። ለቅዳሜ እቃ ለመደርደር ዓርብ ከሰዓት መግባት ይቻላል ወይስ ለዚያም ኪራይ አለ? ከተባለው ሰዓት ካለፋችሁ በሰዓት ስንት?

ከአቅም በላይ ስለሆነ ምክንያት የሚናገረውን አንቀጽ ደግሞ ቃል በቃል አንብበው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌሊንግተን ላይ ሊካሄድ የነበረው ወርልድኮን የተባለ ትልቅ ጉባኤ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። በዚያ ዓመት ቀብዱ የተመለሰለትንና ያልተመለሰለትን የለየው በውሉ ውስጥ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

የጉባኤ ወዳጅ፦

ወርልድኮን ከተነሣ አንድ ብልሃታቸውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ጉባኤ ነው። የሚቀጥለውን ቦታ የሚመርጡት አባላቱ በድምፅ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በፊት። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ግን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የተከፈለው ላሸነፈው ቦታ አዘጋጆች ይሄዳል። ድምፅ የሰጠው ሁሉ የወደፊቱ ጉባኤ አባል ሆነ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ከመጀመሪያው ቀን የቀብድ ገንዘብ አላቸው፤ ስንት ሰው ከልቡ እንደሚፈልግም ያውቃሉ። እናንተም ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት በቅናሽ ዋጋ 60 ትኬት ለመሸጥ ሞክሩ። በ10 ቀን ውስጥ 60 ካልተሸጠ «200 እንጠብቃለን» የሚለው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው።

ከአንድ ቦታ ጋር አትጋቡም። ኬኦስ ኮሙኒኬሽን ኮንግረስ የሚባለው የጀርመን የኮምፒውተር ጠላፊዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሃምቡርግ ጀመረ፣ በ1998 በርሊን ሄደ፣ አዳራሹ ስለጠበበ በ2012 ሃምቡርግ ተመለሰ፣ የሃምቡርጉ ሕንፃ ሲታደስ በ2017 ላይፕዚግ ገባ፣ በ2023 ደግሞ ወደ ሃምቡርግ ዞረ። ሰዉ ተከተለ።

ሆቴሉን አልጠላም፦

60 ትኬት መሸጡን ወድጄዋለሁ። ሆቴሉን የምትይዙ ከሆነ ግን የ150ውን ግዴታ ወደ 110 አስወርዱት፣ ትኬቱንም ከ150 በታች አትሽጡ። ዋጋ ማቅረቢያ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሆቴሉ ያን ቅዳሜና እሁድ ባዶ ከሆነ ሊደራደር ይችላል።

አዲስ አስተባባሪ፦

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ትኬቱን በ100 የቅናሽ ዋጋ ለአንድ ሳምንት ከፈትነው፤ 71 ተሸጠ። መደበኛው 120 ሆኗል፤ አንድ የኮሚቴ አባል ጮኸ፣ ከዚያ እርሱም ገዛ። ሆቴሉ የ150ውን ግዴታ ወደ 130 ዝቅ አደረገልን፤ ዋጋውን ግን አልነካም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ሆነ። የተመዘገበ ድርጅት ስም ይዘን ነው የምንፈርመው።

አዳራሹን በሜትር ለካነው። ምሰሶ አለው፤ አንድ። ከኋላ 14 ወንበር ማያ ገጹን አያይም፤ ስለዚህ ለሽያጭ የቀረበው 226 ነው። በቀኝ ግድግዳ 5 ሶኬት አለ፤ በግራ የለም። በሁለተኛው ቀን ሰዉን ከአዳራሹ ሌላ ከጎን ወዳሉ ሁለት የመማሪያ ክፍሎች እናከፋፍለዋለን፤ ለክፍሎቹ ተጨማሪ ኪራይ አልጠየቁንም። አንድ አባላችን ድምፅ ማጉያና ፕሮጀክተር ስለሚያውሰን የመሣሪያው ወጪ ከ5,000 ወደ 2,000 ወረደ። ቋሚ ወጪው 14,000፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት 15,400። የተረጋገጠውን 4,000 ብቻ ቆጥሬ፣ ትኬቱ ሁሉ በ120 ቢሸጥ 143 ሰው ያስፈልገን ነበር። በቅናሽ የሸጥነው 71 ትኬት በእያንዳንዱ 20 ስለሚያጎድል ወደ 161 ከፍ ብሏል። አምና ከመጣው በአንድ ሰው ይበልጣል። ያ አንድ ሰው እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ሌላው ግን እንደ በፊቱ አይደለም።

በስልክ «ከእኛ ጋር ናችሁ» ያለን ስፖንሰር ሁለቴ ደወልኩለት፤ አላነሣም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦

ጥሩ ሠርተሃል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የሌሊቱ ጥበቃ ሲወጣ የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?

አዲስ አስተባባሪ፦

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያው ተገኝቼ አያለሁ።